የአራስ ቤት መወርወሪያ

በክረምት ደብረ ብርሃን ላይ ሰዓቱን የሚናገረው ብርሃን ሳይሆን ድምፅ ነው። ጠዋት የወተት ቢዶኖች በጋሪ ላይ እየተላተሙ ያልፋሉ፤ ከቀትር በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይይዘዋል፤ አመሻሽ ላይ ዝናቡ አባርቶ ከጣሪያው ጠርዝ የሚወርደው ጠብታ ብቻ ይቀራል። አስካለ ከወለደች ወዲህ ቀኑን የምታውቀው በእነዚህ ነበር። የተኛችበት ክፍል ያለችው አንዲት ጠባብ መስኮት በብረት ፍርግርግ የታጠረች፣ ፊቷም ወደ ጎረቤት የድንጋይ ግንብ የዞረ በመሆኑ፣ በእሷ በኩል የሚገባው ብርሃን ጠዋትም ማታም አንድ ዓይነት፣ የዕቃ እጣቢ የመሰለ ነበር።

ከድምፆቹ ሁሉ የማያቋርጠው የሴቶቹ ነው። «ቤቶች!» ይላሉ ከደጅ፤ መልስ ሳይጠብቁ ሳሎኑን አቋርጠው የመኝታ ቤቱን መጋረጃ ይገልጣሉ፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለው እርጥብ ነጠላቸውን ሳያራግፉ አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጣሉ። በመጋረጃው ኋላ ያለው በር ገርበብ ከማለት በቀር ሌላ ሥራ አልነበረውም፤ የድሮው መቀርቀሪያ ተነቅሎ ቦታው ላይ የሚስማር ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ የባሏ እናት፣ በዚህ ቤት የሚቆለፍ ነገር ቢኖር የእህል ሳጥኑ ብቻ ነው ይሉ ነበር። የአስካለ እናት በሕይወት የሉም፤ ባሏ ይርጋ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው፤ ስለዚህ የአራስነቱ ወግ በሙሉ፣ ከገንፎው እስከ ገላ መታጠቢያው ውኃ ሙቀት፣ በአማቷ እጅ ወድቋል።

ከጤና ጣቢያ በተመለሰችበት ቀን ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከሳጥናቸው ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ሞረድ አውጥተው ከትራሷ ሥር አስገቡ። ማጭድ ሲሳልበት የኖረ ያረጀ ሞረድ ነው፤ ጥርሱ አልቆ ለስልሷል፤ የእንጨት እጀታው ጠፍቶ ጅራቱ ባዶውን ቀርቷል፤ ክንድ የማይሞላ ጥቁር ጠፍጣፋ ብረት።

«ሁላችንም በዚህ ላይ ነው የተኛነው» አሉ። «እናቴ፣ እኔ፣ እህቶቼ። ልጅቷ ክርስትና እስክትነሣ ከራስሽ አይርቅም። ብቻሽንም አትሆኚም።»

«ምን ይመጣብኛል ብለው ነው፣ እማማ?»

«ምንም አይመጣም።» ትራሱን አስተካከሉላት። «የሚመጣ ነገር አይደለም።»

አስካለ የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ መምህርት ናት። ፈገግ አለች፤ አሮጊቷን ለማስደሰት ያህል ራሷን ሞረዱ ባለበት በኩል አደረገች፤ ከዚያም ጉብታው ማጅራቷን ሲቆረቁራት ካልሆነ በቀር ረሳችው።

ያስጨነቃት ሌላ ነበር። ወተቷ አልወርድ አለ። ብቻዋን ስትሆን ጡቷ ይወጠራል፤ መጋረጃው ሲገለጥ ግን አንድ ነገር ውስጧ ይዘጋል፤ ልጅቷ ትስባለች፣ ትስባለች፣ ከዚያ አፏን አላቃ ታለቅሳለች። ለቅሶዋ ቀጭን ነው፤ ሁልጊዜም መጨረሻው ላይ በአንዲት ስቅታ ይሰበራል፤ ክር ተበጥሶ መልሶ እንደሚቋጠር። አስካለ ያቺን ስቅታ ከሺህ ሕፃናት መካከል ትለያት ነበር።

«ወደ ግራ አዙሪያት እስቲ» ትላለች አንዷ።

«አብሽ ጠጥታለች? ጠጥታ ነው እንዲህ የሆነችው?»

«ተዉዋት፣ የመምህር ጡት ነው» ትላለች ጎረቤቷ እትዬ ስመኝ። «ካላጨበጨብንለት አይጀምርም!»

ይስቃሉ። አስካለም አብራቸው ትስቃለች፤ ፎጣው ሥር ግን የሕፃኗ የጎድን አጥንት ጣቷን ይነካዋል። ጤና ጣቢያ ልጅቷን የመዘነችው ነርስ ሚዛኑን ደጋግማ አየችና፣ «ስታጠቢ ብቻሽን ነሽ?» ብላ ጠየቀቻት። አስካለ የሚመጡትን ሴቶች ብዛት ስትነግራት፣ «እንግዲያው በር ዝጊ» አለቻት። «እንዲህ ከቀጠለ ልጅቷን አታተርፊያትም።»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ሐሳቡን ሲሰሙ የሚያማስሉበት ማማሰያ ድስቱ ውስጥ ቆመ። «የአራስ ቤት ይቆለፋል? ሰው ምን ይላል?»

«ለማጥባት ያህል ነው፣ እማማ። ሚጣ እየከሳች ነው።»

ሚጣ ክርስትና እስክትነሣ ድረስ የልጅቷ ስም ነበር። ስሟ ሲነሣ አሮጊቷ ማማሰሉን ቀጠሉ፤ ይህም እንደ ፈቃድ ተቆጠረ።

ፍልሰታ ገባ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ በየቀኑ ነጠላቸውን አጣፍተው ቅዳሴ ይሄዳሉ፤ እስኪመለሱም እትዬ ስመኝ ሳሎን ተቀምጣ ስፌቷን እየሰፋች አራሷን እንድትጠብቅ አደራ ይሏታል። አናጺው ጋሽ ደጀኔ የመጡት ከእነዚያ ቀናት ባንዱ፣ አሮጊቷ በሌሉበት ነው። ከሱቅ የተገዛ አዲስ መወርወሪያ በእጃቸው ይዘው በሩን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ከውስጥ ነው ከውጭ?»

«ከውስጥ ነው እንጂ፣ ጋሽ ደጀኔ።»

«ልጠይቅ ብዬ ነው። ለጓዳ በር ሰው የሚያስመታው ከውጭ ነው፤ ዕቃ እንዳይወጣበት።» ሳቁ። «አንቺ ግን ዕቃው ራስሽ ሆነሻል።»

መወርወሪያው በመጀመሪያው ግፊት ተቆለመመ። መቃኑ የክረምቱን ውኃ ጠጥቶ አብጧል፤ ስስ ብረት አይበግረውም። ጋሽ ደጀኔ የተቆለመመውን አንሥተው፣ «ይሄ ቆርቆሮ ነው፤ ደህና ብረት ቢኖር ነበር» አሉና ሊሄዱ መሣሪያቸውን ይሰበስቡ ጀመር። ሳሎን ውስጥ እትዬ ስመኝ ከመጡ ሴቶች ጋር ስታወራ ይሰማል። ሚጣ አልጋው ላይ ድምፅ አውጥታ የማልቀስ ዐቅም አጥታ ከንፈሯን ብቻ ታንቀሳቅሳለች። አስካለ እጇን ከትራሷ ሥር ሰደደች። ሞረዱ የጭንቅላቷን ሙቀት ይዞ ነበር።

«ከየት አገኘሽው?»

«የቤት ነው። አሮጌ ነው፤ ማንም አይሠራበትም።»

አገላበጡት፤ በጥፍራቸው አንኳኩት። ሞረድ አይበሳም አሉ፤ ግን መበሳትም አያስፈልገውም። ጅራቱን የከሰል ምድጃ ላይ አግለው መያዣ እንዲሆን ቀለበሱት፤ ከተቆለመመው መወርወሪያ ላይ ማቀፊያዎቹን ፈትተው በሩ ላይ አጥብቀው መቱ፤ ሞረዱን በመካከላቸው አሾልከው፣ ወዲያም ወዲህም እንዳይወጣ ሚስማር አቆሙበት፤ መቃኑን ፈልፍለው ማረፊያ አበጁለት። ሲገፉት የወጣው ድምፅ የብረት ጩኸት አልነበረም፤ ደልደል ያለ፣ ሥጋ ላይ እንደሚያርፍ እጅ ያለ ድምፅ ነበር።

«በይ እንግዲህ» አሉ ጋሽ ደጀኔ እጃቸውን እያራገፉ። «አሁን ንጉሥም አይገባብሽም።»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከቅዳሴ ሲመለሱ በሩን አዩ። ወደ በሩ አልሄዱም። ወደ አልጋው ሄደው እጃቸውን ከትራሱ ሥር ሰደዱ፤ ባዶውን አወጡት።

«እዚሁ ክፍል ውስጥ ነው እኮ፣ እማማ» አለች አስካለ። «አሁን በሩን ይጠብቃል።»

«በሩ ምን ሆኖ ነው የሚጠበቀው? የወለደው በሩ ነው?»

«የሚገባ ነገር ካለ…»

«የሚገባ ነገር አለ አልኩሽ እኔ? ከአራሷ ከራሷ የሚወጣ ነው እንጂ።»

ሞረዱን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳቡት፤ ሚስማሩ ከለከላቸው። ደጀኔ ነገውኑ መጥቶ ይነቅለዋል አሉ፤ ጋሽ ደጀኔ ግን በማግሥቱ ለሥራ ገጠር ወርደው እስከ ጾሙ ፍቺ እንደማይመለሱ ተሰማ። አሮጊቷ የሽንኩርት ቢላዋቸውን አምጥተው በሞረዱ ምትክ ከትራሱ ሥር አኖሩ። አስካለ ግን ከሕፃን ራስ አጠገብ ስለት ማሳደር አልሆንላት አለ፤ አማቷ ፊታቸውን ሲያዞሩ ወስዳ ጓዳ ውስጥ፣ ከዕቃ መደርደሪያው ላይ መለሰችው።

መጀመሪያ በሩን የዘጋችው አንድ ቀን ከቀትር በኋላ፣ ዝናቡ ገና ሳይጀምር ነበር። ሞረዱን ገፋች፤ ደልደል ያለው ድምፅ ተሰማ፤ የሴቶቹ ወሬ በአንድ ጊዜ የራቀ፣ ከወንዝ ማዶ ያለ መሰለ። አልጋው ላይ ተደግፋ ሚጣን አቀፈች። ማንም አያያትም። ትከሻዋ ሲወርድ ተሰማት፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ትከሻዋን ሽቅብ ይዛ መኖሯን አላወቀችም ነበር። ከዚያ ወተቱ መጣ፤ እንደ ምንጭ ሳይሆን እንደ ቁጣ፣ ልጅቷን እያስነጠሳት፣ ጉንጯን እያራሰ፣ ፎጣውን አልፎ አንሶላው ላይ እየሰፋ። ሚጣ ዋጠች። አስካለ የመዋጧን ድምፅ ሰማች፤ ትንሽ፣ እርጥብ፣ እርግጠኛ ድምፅ፤ አለቀሰች።

ዝናቡ ሲጀምር አብረው አንቀላፉ። ጨለማው ሙሉ አልነበረም፤ ዓይን ቢለምደው የአልጋውን እግርና የወንበሩን ቅርጽ ይሰጣል። የቅቤው፣ የአብሹ፣ የወተቱ ሽታ እንደ ወትሮው ነው፤ ከሥሩ ግን ሌላ፣ ከዚያ ቀደም ሰው ሲበዛበት ያልተሰማ፣ አሁን ክፍሉ ከሰው ባዶ ሲሆን ብቅ ያለ ሽታ ነበር፤ ገና የተቆፈረ፣ ፀሐይ ያላየ አፈር ሽታ። ክረምት ነው፣ መሠረቱ ውኃ ጠጥቶ ይሆናል አለች ለራሷ። ጆሮዋን ለዝናቡ ሰጠች፤ ከዝናቡ በታች ትንፋሽ ሰማች። የሚጣ ትንፋሽ አጭርና ፈጣን ነው። የራሷ ረጅም ነው፤ ተስቦ፣ ጥቂት ቆይቶ፣ የሚለቀቅ። እያዳመጠች ልቧ ረጋ፤ እንዲሁ ለመሞከር ያህል፣ ያለ ምንም ምክንያት፣ ትንፋሿን ያዘች።

ረጅሙ ትንፋሽ አልቆመም።

በማግሥቱ ነገሩን ለራሷ አስረዳች። እትዬ ስመኝ ሳሎን ውስጥ ከበሩ ሥር ተቀምጣ አንቀላፍታ ይሆናል፤ ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ድምፅ ያሳልፋል። ልጅቷ እየጠባች ነበርና ከዚህ የሚበልጥ ነገር ማሰብ አልፈለገችም። ሚጣ ጉንጭ አወጣች። እጇ ላይ ክብደት ነበራት። ነርሷ ሚዛኑን አይታ ስትስቅ አስካለ በዓይነ ሕሊናዋ አየች፤ በየቀኑም፣ አሮጊቷ ቅዳሴ ሲወጡ፣ ሞረዱን ገፍታ በሩን ትዘጋለች፤ ወተቱ ይወርዳል፤ ከወተቱ ጋር እንቅልፍ ይመጣል፤ ሕልም የሌለው፣ ጠርዝ የሌለው፣ ስትነቃ ከየት እንደተመለሰች የማታውቅበት እንቅልፍ።

አንድ ቀን እንዲህ ስትነቃ የሚጣ አናት ያብለጨልጫል። አዲስ ቅቤ ተቀብታለች፤ ገና አልቀለጠም፤ የጣት መስመር አለበት። አስካለ ወደ በሩ ተመለከተች። ሞረዱ ማረፊያው ውስጥ ነበር።

«ሚጣን ቅቤ የቀባት ማነው?» ብላ ጠየቀች አሮጊቷ እራት ሲያቀርቡላት።

«ስመኝ ናታ። አንቺው አይደለሽ ያቀበልሻት?»

«መቼ?»

«ከቅዳሴ ስመለስ ነዋ፣ ሳሎን ስታጠቢያት።» ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከስንት ቀን ኩርፊያ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ተፈትቶ ነበር። «እሰይ፣ ደስ አሰኘሽኝ። እንደ ሰው ከሰው ጋር ተቀመጥሽ። ስትስቂ ሰምቼሽ አላውቅም ነበር፤ ያምርብሻል።»

አስካለ ጉርሻውን እንደ ያዘች ቆየች። ሳሎን እንዳልወጣች ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ግን ያንን እንቅልፍ አስታወሰች፤ ያን ጠርዝ የሌለውን። ልጅ ሳለች በእንቅልፏ ተነሥታ ግቢ ለግቢ የምትሄድ አክስት ነበረቻት፤ በዘር ይመጣል ይባላል። ምግቡ ጨው አልነበረውም። ለአሮጊቷ ብትነግራቸው ቀምሰው፣ «ምላስሽ ነው እንጂ ጨውማ አለው» አሏት።

ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለው ነገር በየቀኑ ሆነ። እትዬ ስመኝ ጠዋት መጋረጃውን ገልጣ ያልተጨዋወቱትን ጨዋታ ትቀጥላለች። «አንቺ፣ ትናንት ያልሽኝን ለባሌ ነግሬው በሳቅ ሞተ!» ትላለች። ምን እንደ ተባለ ስትጠይቃት፣ «ሂጂ! ደግመሽ ልታስቂኝ ነው» ብላ ትከሻዋን መታ ታደርጋታለች፤ ከዚያ እጇን መልሳ ታያትና በነጠላዋ ትሸፍነዋለች፤ እንደ በረዳት ሁሉ። የሚጠይቋት ሴቶች ከመኝታ ቤቱ ይልቅ ሳሎን መቀመጥ ጀመሩ። መጋረጃውን የሚገልጥ እየጠፋ ሄደ። ይህ የፈለገችው ነበር፤ አሁን ግን በሩን ባትዘጋውም የሚገባ አልነበረም። ምሳ ሲዘገይባት ትጣራለች፤ አሮጊቷ ከሳሎን፣ «አሁን በልተሽ የለ እንዴ? ወይ አራስ!» ይሏታል፤ ሴቶቹ ይስቃሉ፤ ከሳቃቸው መካከል አንዱን ሳቅ ታውቀዋለች፣ የማን እንደሆነ ግን አልመጣላትም።

ሞረዱም ተለወጠ። መጀመሪያ ላይ ብረት ክረምት ላይ የሚቀዘቅዘውን ያህል ነበር የቀዘቀዘው። ቆይቶ ጣቷን ቆነጠጣት። በኋላ ስትነካው ቅዝቃዜው እስከ ክርኗ ይወጣና ሥጋዋን ከአጥንቷ የሚለያይ ይመስላት ጀመር፤ በጨርቅ ይዛ ትገፋው ነበር። ወደ ሳሎን ልትወጣ በሩን ስትሻገር ሞረዱ ባለበት በኩል ያለው ጎኗ ይደነዝዛል። የደም ማነስ ነው አለች። አንድ ጠዋት ደፍ ላይ ቆማ ወደ ሳሎን ተመለከተች፤ አሮጊቷ ብቻቸውን ጎመን እየቀነጠሱ ነበር፤ ቀና ብለው፣ ማን እንደሆነች ለማስታወስ እንደሚጥር ሰው፣ አዩአትና፣ «ግቢ፣ ብርድ ነው» አሉ። ድምፃቸው ክፉ አልነበረም። አስካለ ገባች።

የፈራችው ለራሷ አልነበረም። በእንቅልፍ ልቧ ልጅ ታቅፋ የምትሄድ ሴት አንድ ቀን ምድጃው ላይ ትወድቃለች፤ አንድ ቀን ግቢውን አልፋ አስፋልት ትወጣለች። ለይርጋ በስልክ ልትነግረው ብትሞክር መስመሩ ውስጥ የሚሰማው ነፋስ ብቻ ነበር። ስለዚህ የጾሙ ፍቺ ዕለት፣ ቤቱ ሁሉ በዶሮ ወጥ ሽታ ተሞልቶ ሳለ፣ እንቅልፉ ሳይጥላት በፊት ሞረዱን በጨርቅ ይዛ እስከ መጨረሻው ገፋችው፤ የጫማዋን ተረከዝ መዶሻ አድርጋ ጅራቱን መታችው፤ ያበጠው መቃን ውስጥ ተሰንቅሮ አልነቃነቅ እስኪል ድረስ መታችው። አሁን የተኛ እጅ ሊከፍተው አይችልም። ማንም እንዳይገባ ሳይሆን ራሷ እንዳትወጣ ነበር የዘጋችው፤ ይህን ስታስብ ጋሽ ደጀኔ ስለ ጓዳ በር የተናገሩት ትዝ ብሏት ፈገግ ልትል ፈለገች፤ ፊቷ አልታዘዘላትም።

ሚጣን አቀፈች። ሕፃኗ ፍለጋ ሳያሻት ጡቷን አገኘች። ዝናቡ መጣ፤ ከዝናቡ ጋር መብራት ጠፋ፤ መስኮቷ ከግራጫ ወደ ጥቁር አዘነበለች። የአፈሩ ሽታ ከወለሉ ተነሥቶ እስከ አልጋው ደረሰ፤ አሁን ከሥር የሚመጣ ሽታ ሳይሆን ከገዛ ፀጉሯ፣ ከገዛ አንገቷ ሥር የሚወጣ መሰላት። ትንፋሹን አዳመጠች። የሕፃኗ አጭር ትንፋሽ አልተሰማትም። ረጅሙም አልነበረም። የራሷን ልትሰማ ትንፋሿን ሳበች፤ ከቆርቆሮው ላይ ከሚወርደው ውኃ በቀር ምንም የሚሰማ ነገር አልነበረም።

ያን ጊዜ ከደጅ የከባድ መኪና ጡሩምባ ተነፋ።

«ይርጋዬ!» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከሳሎን። እልልታ ተነሣ። የእርጥብ ጫማ ድምፅ፤ ጉንጭ ለጉንጭ የመሳሳም ድምፅ፤ ከዚያ የባሏ ድምፅ፣ በመንገድ አቧራ የሻከረው፣ ከሁሉም በላይ የናፈቃት ድምፅ። «እንዴት ናችሁ? አስኩስ? አስኩዬስ የት ናት?»

አስካለ ልጇን ታቅፋ ተነሣች። ወለሉ ከእግሯ ሥር ለስላሳ ነበር። በጨርቅ ሞረዱን ያዘች፤ ቅዝቃዜው ጨርቁን እንደሌለ ቆጥሮ አለፈና እጇን መልሶ ጣለው። ደገመች። በትከሻዋ ገፋችው፤ የነካው ጎኗ ሁሉ ደንዝዞ እንደሌለ ሆነ። «ይርጋ!» ብላ ተጣራች። ድምፁ ከአፏ ወጣ፣ ግን ወደ በሩ አልሄደም፤ እግሯ ሥር ወደቀ፤ ዝናቡ ውስጥ ገብቶ ዝናብ ሆነ።

«አለሁ፣ አለሁ!» አለ ሳሎን ውስጥ አንድ ድምፅ፣ እየሳቀ። «ሚጣን እያጠባሁ ነው። አባቷን ልታይ ነው እንዴ የኔ እመቤት? ና እስቲ፣ እጅህን አሙቅና ታቀፋት።»

አስካለ ያን ሳቅ አሁን አወቀችው። የራሷ ነበር፤ ሰው ሳያያት፣ ከመውለዷ በፊት፣ ከይርጋ ጋር ብቻዋን ስትሆን የምትስቀው ሳቅ። ከሳቁ ቀጥሎ አንድ ሕፃን አለቀሰ፤ ወፈር ባለ፣ በጠገበ ድምፅ፤ መጨረሻው ላይ ለቅሶው በአንዲት ስቅታ ተሰበረ፤ ክር ተበጥሶ መልሶ እንደሚቋጠር።

ወደ እቅፏ ተመለከተች። ፎጣው ነበረ። የሕፃን ቅርጽም ነበረው፤ የራስ ክበብ፣ የጉልበት እጥፋት። ክብደት አልነበረውም። ደረቷ ላይ ያለው መሳብ ግን አላቆመም።

አንደኛው እጇ አልታዘዛትም፤ በቀረው በሩን መታችው። መላልሳ መታችው።

«ምንድነው እሱ?» አለ ይርጋ።

ከዚያ ዝግ ያለ፣ ጫማ የሚጎትት እርምጃ ወደ በሩ ቀረበ፤ በበሩ ስንጥቅ በኩል የአሮጊቷ ትንፋሽ፣ የዶሮው ወጥ ቅመም ያለበት፣ የሞቀ፣ ሕያው ትንፋሽ ገባ። አስካለ ፊቷን ስንጥቁ ላይ አስጠጋች።

«አንቺ ማነሽ?» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ በሹክሹክታ።

«እኔ ነኝ፣ እማማ። አስካለ ነኝ። በሩን ስበሩት፤ ልጄን ይዛብኛለች፤ በማርያም ስበሩት።»

አሮጊቷ እጃቸውን በሩ ላይ፣ በወዲያ በኩል ልክ ሞረዱ ባለበት ቦታ ሲያሳርፉ ተሰማት፤ ደጋግመው ሲያማትቡም ተሰማት።

«አስካለማ ልጇን ታቅፋ አጠገቤ ቆማለች» አሉ። ከበሩ ራቅ አሉ፤ ድምፃቸው ከብዙ ቀን ጭንቀት በኋላ ሸክሙን እንዳወረደ ሰው ቀለለ። «እኔ ሞኟ፣ ሞረዱ ከትራስ ተነሣ ብዬ ስቃጠል ሰነበትኩ። ይኸው፣ ልጆቼን አስወጥቶ እሷን ከውስጥ ያዘልን።»

«አይዞዎት፣ እማማ» አለ የአስካለ ድምፅ፣ ልጅ በሚያስተኙበት ልስልስ አነጋገር። «ጋሽ ደጀኔ ከገጠር ተመልሰዋል፤ ይርጋዬ፣ ነገ ጥራልኝና ከዚህም በኩል አንድ መወርወሪያ ይምቱልን።»